ቮልቴጁ ሲሻሻል ደስ አይበላችሁ፦ የኤሌክትሮላይዘር ሜምብሬን አያያዝ ደረጃ በደረጃ

ነገሩ ወዲህ ነው። አንዲት ትንሽ የሙከራ ኤሌክትሮላይዘር ነበረችን። ውሃን በኤሌክትሪክ ከፍላ በአንድ ወገን ሃይድሮጅን፣ በሌላው ወገን ኦክስጅን ታወጣለች። ሥራ በጀመረች በጥቂት ወራት ውስጥ የሴሉ፣ ማለትም ውሃው የሚከፈልበት ክፍል፣ ቮልቴጅ ከ1.86 ወደ 1.84 ወረደ። ያው ከረንት፣ ያው ሙቀት፣ ግን ያነሰ ኤሌክትሪክ። ደስ አለን። “ሞተሯ ገና አሁን ሞቀች” ብለን ቀለድን።

ለካስ ሁለቱን ጋዞች የሚለያየው ስስ ሉህ፣ ሜምብሬኑ፣ እየሳሳ ነው። የሳሳ ሜምብሬን ፕሮቶንን፣ ከረንቱን የሚሸከመውን የሃይድሮጅን አዮን፣ በቀላሉ ያሳልፋል፤ ቮልቴጁ የሚወርደው ለዚህ ነው። ሃይድሮጅንንም እንዲሁ በቀላሉ ያሳልፋል። እኛ ቮልቴጁን እያየን ስንፈነድቅ፣ ኦክስጅኑ ውስጥ የሚገባው ሃይድሮጅን ከ0.4 በመቶ ወደ 0.9 በመቶ ወጥቶ ነበር። ያን ቁጥር ደግሞ ማንም በየሳምንቱ አይመዘግብም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አምናለሁ። የሜምብሬን ደህንነትና ዕድሜ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አይደሉም። ሁለቱም የሚነበቡት በዚያው ቁጥር ላይ ነው፤ ኦክስጅን ውስጥ ስንት በመቶ ሃይድሮጅን አለ? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያን ቁጥር ዝቅ አድርጎ ለማቆየት ነው። የማወራው ፕሮቶን በሚያሳልፍ ሜምብሬን ስለሚሠራው ፒኢኤም ኤሌክትሮላይዘር፣ ያውም በላብራቶሪና በአነስተኛ ተቋም ደረጃ ስላለው ነው።

መጀመሪያ ከምን ጋር እንደምንሠራ

በብዙዎቹ ማሽኖች ውስጥ ያለው ሜምብሬን ናፊዮን ወይም የእሱ ዘመድ ነው። ናፊዮን በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ የተሠራ ፍሎሪን ያለበት ፕላስቲክ ነው። ናፊዮን 117 ሲባል 7ቱ ውፍረቱን ይናገራል፤ 7 ሺህኛ ኢንች፣ ማለትም 0.18 ሚሊሜትር ገደማ። ሁለት የፎቶኮፒ ወረቀት ቢደራረብ ከዚህ ትንሽ ይወፍራል። ናፊዮን 212 ደግሞ 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሃይድሮጅንና ኦክስጅንን የሚለያያቸው ይህ ብቻ ነው።

ሃይድሮጅን በኦክስጅን ውስጥ ከ4 እስከ 95 በመቶ ገደማ ባለው ሰፊ ክልል ይቀጣጠላል። ለመቀጣጠል የሚበቃው ጉልበት በአየር ውስጥ እንኳ 0.02 ሚሊጁል አካባቢ ብቻ ነው፤ በኦክስጅን ውስጥ ከዚያም ያንሳል። ሹራብ ስናወልቅ የሚንጣጣው ብልጭታ እንኳ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ “ብልጭታ የሚፈጥር ነገር የለም” የሚለው መጽናኛ አይሠራም። መቆጣጠር የምንችለው ድብልቁን ነው።

አንደኛ፦ ሜምብሬኑን በግፊታችሁና በጭነታችሁ ልክ ምረጡ

ስስ ሜምብሬን ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፤ ወፍራም ሜምብሬን ጋዝ ይይዛል። ሁለቱን በአንዴ ማግኘት አይቻልም። የሃይድሮጅን ግፊት በእጥፍ ሲጨምር የሚያልፈው ሃይድሮጅንም በግምት በእጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ ሃይድሮጅኑን በብዙ ባር ልታወጡ ካሰባችሁ ወይም ኃይላችሁ ከሶላር የሚመጣና ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ በወፍራሙ ጀምሩ። ስሱን የምትፈልጉ ከሆነ ውስጡ ጥቂት ፕላቲነም የተጨመረበትን ዓይነት ጠይቁ። ፕላቲነሙ የሚሻገረውን ሃይድሮጅን መንገድ ላይ ከኦክስጅን ጋር አገናኝቶ ወደ ውሃ ይመልሰዋል።

ለጀማሪ ላብራቶሪ የእኔ ምክር 117 ነው። ትንሽ ኤሌክትሪክ ይበላል። ይብላ።

ሁለተኛ፦ ስትገጣጥሙ አትቸኩሉ

ብዙ ሜምብሬን የሚጎዳው በሥራ ላይ ሳይሆን በተገጠመበት ቀን ነው። ዱቄት የሌለው ጓንት አድርጉ፤ የእጅ ላብ ጨው ነው፣ ጨው ደግሞ ሶዲየም ያመጣል። ሜምብሬኑን በጥፍር ወይም በሹል መቆንጠጫ አትያዙ።

ናፊዮን ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ደረቁን ሉህ ውሃ ውስጥ ብትዘፈዝፉት በክፍል ሙቀት በየአቅጣጫው 10 በመቶ ያህል ይረዝማል። 10 ሴንቲሜትሩ 11 ይሆናል ማለት ነው። ደረቁን ወጥራችሁ ካጠበቃችሁት በኋላ ውሃ ሲገባ የሚሄድበት ስለሚያጣ ይጨማደዳል። ጭምድዱ ላይ ውሎ አድሮ ስንጥቅ ይመጣል። አምራቹ ደረቁን ግጠሙ ካላለ በስተቀር፣ ዘፍዝፋችሁ ካበጠ በኋላ ቁረጡት፤ ሳይደርቅም ግጠሙት።

ከሜምብሬኑ ጋር የሚነካካውን የቲታኒየም ወንፊት በጣታችሁ ሳይሆን በጥጥ ዳሱት። ጥጡን የሚይዝ ሹል ጫፍ ካለ ሜምብሬኑንም ይወጋዋል። በጥሩ የአሸዋ ወረቀት አለስልሱት፤ ከዚያ በንጹህ ውሃ እጠቡት። የሜምብሬኑ ጠርዝ የወንፊቱ ጠርዝ ላይ እንዳያርፍም ተጠንቀቁ። ብዙውን ጊዜ የሚቀደደው እዚያ ነው። ጓርኒሲዮኑ ጠርዙን መሸፈን አለበት።

ብሎኖቹን በቶርክ መፍቻ አጥብቁ። በዙሪያ ሳይሆን በመስቀል፣ ያውም በሦስት ዙር፦ መጀመሪያ የሚፈለገውን ሲሶ፣ ቀጥሎ ሁለት ሦስተኛውን፣ በመጨረሻ ሙሉውን። የመኪና ቴስታ የገጠመ መካኒክ ይህን ያውቀዋል። በአንድ ጥግ በኩል የበዛ ማጥበቅ ሜምብሬኑን ቀስ እያለ ከዚያ ጥግ ይገፋዋል፤ በሙቀት ደግሞ ይብስበታል።

ሦስተኛ፦ ውሃው

እዚህ ላይ ልቆይ፤ የእኛ ጉድ የመጣው ከዚህ ነውና።

ማሽኗን ስንከፍታት ሜምብሬኑ ውሃ በሚገባበት በኩል የቀጭን ሻይ ቀለም ይዟል። ቆርጠን አድርቀን በማይክሮሜትር ለካነው። መሃሉ 0.17 ሚሊሜትር ነው። ሻይ የመሰለው ጥግ 0.11። ከዚያ ቱቦውን ተከትለን ሄድን። ከፓምፑ ቀጥሎ አንድ መጋጠሚያ ላይ ደረስን። ከወራት በፊት የቲታኒየሙ ሲያፈስ፣ አንድ ሰው ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ተራ የብረት መጋጠሚያ ገዝቶ “ለጊዜው” ገጥሞታል። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ብረት ምን ያደርጋል? ሁለቱ ጋዞች በትንሹም ቢሆን ሜምብሬኑን አልፈው ላዩ ላይ ባለው ፕላቲነም (ምላሹን የሚያፋጥነው ካታሊስት) ላይ ሲገናኙ፣ ጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል። ብቻውን ቢሆን ዕዳው ገብስ ነው። የብረት አዮን ሲያገኘው ግን ወደ ሃይድሮክሲል ራዲካል ይለወጣል። ይህ ደግሞ ፊቱ ያገኘውን የሚቦጭቅ ነገር ነው፤ የናፊዮንን ሰንሰለት ከጫፉ እየቆረጠ ይበላል። ፌንተን የሚባለው ኬሚካላዊ ምላሽ ይህ ነው። ለዚህ የሚበቃው ብረት ኢምንት ነው። መዳብም ተመሳሳይ ጥፋት አለው። ካልሲየምና ሶዲየም ደግሞ ሌላ ዓይነት ናቸው፤ አይቆርጡም፣ ግን የፕሮቶኑን መቀመጫ ይዘው አይነሱም። ያኔ ቮልቴጁ ይወጣል።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። የምትጠቀሙት ውሃ ኮንዳክቲቪቲ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ፣ ቢያንስ ከ1 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር በታች ይሁን፤ ዒላማችሁ ግን 0.1 ይሁን። ፍጹም ንጹህ ውሃ በ25 ዲግሪ 0.055 ነው፤ ከዚያ በታች የሚያሳይ መለኪያ ተበላሽቷል። የቧንቧ ውሃ በመቶዎች ይቆጠራል። ከነዳጅ ማደያ የሚገዛው የባትሪ ውሃስ? አንዱ ጀሪካን ጥሩ ሆኖ ሌላው የማይረባ ሊሆን ይችላል። ሳትለኩ አታስገቡ፤ ለክታችሁም አዮን በሚይዝ ሬዚን አጣሩት።

አንዴ ንጹህ ውሃ መሙላት ብቻ አይበቃም። ውሃው በማሽኑ ውስጥ እየዞረ ከየቱቦው ይሰበስባል። ስለዚህ ከዙረቱ ጥቂቱን እየቀነሳችሁ በሬዚን ማጣሪያ አሳልፉት። ሬዚኑ ሙቀት አይወድም፤ ከ60 ዲግሪ በላይ ይበላሻል፤ ውሃውን ከማጣሪያው በፊት አቀዝቅዙት። ኮንዳክቲቪቲ መለኪያውን ደግሞ ከማጣሪያው በኋላ ሳይሆን ከሴሉ መውጫ በኩል ግጠሙት። ከማጣሪያው በኋላ ያለው ውሃ ሁልጊዜ ጨዋ ነው፤ ስለ ሴሉ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ቱቦና መጋጠሚያ፦ ቴፍሎን፣ ፖሊፕሮፒሊን፣ ቲታኒየም። ናስ፣ መዳብ፣ ዚንክ የተቀባ ብረት ደጃፉ አይድረሱ። ጥሩ ስቴንለስ ስቲል ቀዝቃዛ በሆነው ክፍል ያገለግላል፤ ግን እሱም ቀስ እያለ ብረትና ኒኬል ይለቃል። “ለጊዜው” የሚባል መጋጠሚያ የለም።

ሜምብሬኑ እየተበላ መሆኑን ከውሃው ራሱ ማወቅ ይቻላል። ሲቆራረጥ ፍሎራይድ ይለቃል። በየሁለት ሳምንቱ ከሴሉ ከሚወጣው ውሃ ናሙና ወስዳችሁ በፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ለኩ። ከፍ እያለ ከሄደ ሜምብሬናችሁ በውሃ መልክ እየወጣ ነው። የስምጥ ሸለቆ አካባቢ ለምትሠሩ አንድ ማሳሰቢያ፦ የዚያ አገር የጉድጓድ ውሃ በራሱ ፍሎራይድ የበዛበት ነው። የማጣሪያው ሬዚን ደክሞ ከሆነ የምትለኩት የመሬቱን ፍሎራይድ እንጂ የሜምብሬኑን አይደለም። የሚገባውንም የሚወጣውንም ለኩና ልዩነቱን ያዙ።

አራተኛ፦ ከማስነሳት በፊት የአረፋ ፈተና

ከረንት ከመልቀቃችሁ በፊት በሃይድሮጅን በኩል ናይትሮጅን በ0.5 ባር አስገቡ። ከኦክስጅን በኩል የሚወጣውን ቱቦ ጫፍ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ንከሩ። እርጥብና ጤነኛ ሜምብሬን ከሆነ መጀመሪያ ላይ ቱቦው ውስጥ የነበረው አየር ይወጣና ጸጥ ይላል። አረፋው ሳይቋረጥ ከመጣ ቀዳዳ ወይም ያልተጠበቀ ጓርኒሲዮን አለ። ፈትቶ ማየት ነው፤ ሌላ መላ የለውም። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

ከዚያ ውሃውን አዙሩ፣ ቀስ እያላችሁ አሙቁ፣ ከረንቱንም በደረጃ ጨምሩ። ደረቅ ሜምብሬን ላይ ከረንት መልቀቅ ማለት ማቃጠል ነው።

ሙቀቱን በተመለከተ ብዙ ማሽኖች ከ50 እስከ 80 ዲግሪ ይሠራሉ። በ80 ቮልቴጁ ያምራል፤ ሜምብሬኑ ግን ቶሎ ያረጃል። አዲስ አበባ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ከፍታው የአየሩን ግፊት ወደ 77 ኪሎፓስካል ያወርደዋል። በ80 ዲግሪ የውሃ እንፋሎት ግፊት 47 ኪሎፓስካል ነው። ማሽኑ በክፍት ግፊት ከሠራ፣ ከሚወጣው ጋዝ ከግማሽ በላይ፣ 60 በመቶ ያህሉ፣ እንፋሎት ነው ማለት ነው። የሃይድሮጅኑ ሴንሰር በውሃ ይታጠባል፣ ንባቡ ይዋሻል። በ60 ዲግሪ ግን እንፋሎቱ ወደ 26 በመቶ ይወርዳል። እኔ 60ን መርጫለሁ፤ አልተጸጸትኩም።

አምስተኛ፦ ያን ቁጥር በየሳምንቱ ለኩ

የሃይድሮጅን ሴንሰር በኦክስጅን መውጫ ላይ፣ ጋዙን ከውሃው ከሚለየው ታንክ (መለያ ታንክ) ቀጥሎ ይገጠማል። ለአየር የተሠራ ሴንሰር ኦክስጅን ውስጥ ሊሳሳት ስለሚችል፣ ለዚህ የሚሆን በሙቀት ማስተላለፍ የሚለካ ዓይነት ግዙ። ጋዙ ሴንሰሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ቀዝቅዞ መድረቅ አለበት።

ቁጥሩ ለምን በዝቅተኛ ጭነት እንደሚብስ በሒሳብ እንየው። የሚያልፈው ሃይድሮጅን ከከረንቱ ጋር እምብዛም አይቀየርም፤ የሚወስነው ግፊቱ፣ ሙቀቱና ውፍረቱ ነው። የሚመረተው ኦክስጅን ግን ከከረንቱ ጋር ይወርዳል። እንበል የሚያልፈው ሃይድሮጅን በካሬ ሴንቲሜትር 5 ሚሊአምፔር ከረንት የሚያመርተውን ያህል ነው። አንድ የሃይድሮጅን ሞለኪውል 2 ኤሌክትሮን፣ አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል 4 ኤሌክትሮን ስለሚፈልግ፣ ያን 5 በ2 አባዝተን ለሥራው ከረንት እናካፍላለን። በ1 አምፔር ስንሠራ 10 ለ1000፣ ማለትም 1 በመቶ። ወደ 0.25 አምፔር ስንወርድ 10 ለ250፣ ማለትም 4 በመቶ። ምንም ነገር አልተበላሸም፤ ሜምብሬኑም ያው ነው። ደመና መጥቶ ሶላሩን ሸፈነ እንጂ።

ስለዚህ ለማሽናችሁ የታች ወሰን አስቀምጡ። ማንቂያው በ1 በመቶ ይጩህ፤ በ2 በመቶ ማሽኑ ራሱ ይቁም። ሁለቱ የአራቱ ግማሽ ነው፤ አምራቹ ከዚህ ያነሰ ካለ የእሱን ተከተሉ። ጭነት ሲቀንስ ግፊቱንም አብራችሁ አውርዱ። ሦስት ስታክ (የተደራረቡ ሴሎች ጥቅል) ካላችሁና ኃይሉ ወደ ሲሶ ከወረደ ሦስቱንም አታዳክሙ፤ ሁለቱን አቁማችሁ አንዱን በሙሉ ጉልበት አሠሩ።

አለካኩ እንዲህ ነው። በአንድ ቋሚ ሙቀትና ግፊት፣ በ1፣ በ0.5 እና በ0.25 አምፔር በካሬ ሴንቲሜትር ለኩ። ግፊቱን ወሰናችሁን በማያልፍበት ልክ አስቀምጡት። በዝቅተኛው ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። 25 ካሬ ሴንቲሜትር ያለው ሴል በ0.25 የሚያመርተው ኦክስጅን በደቂቃ ከ20 እስከ 30 ሚሊሊትር ገደማ ብቻ ነው። መለያ ታንካችሁ ውስጥ ግማሽ ሊትር ባዶ ቦታ ካለ፣ የድሮው ጋዝ አንዴ ተጠርጎ እስኪወጣ 20 ደቂቃ ያልፋል። አንድ ሰዓት ካልጠበቃችሁ የምታነቡት የቀድሞውን ጭነት ቁጥር ነው። እኛ ለረጅም ጊዜ አሥር ደቂቃ እየጠበቅን “ደህና ነው” እንል ነበር።

ቁጥሮቹን ከቮልቴጁ ጎን ለጎን ጻፉ። ሃይድሮጅኑም ቮልቴጁም ባሉበት ከቆዩ ሰላም ነው። ቮልቴጁ ብቻ ከወጣ ውሃችሁን ጠርጥሩ፤ የማይፈለግ አዮን ገብቷል ወይም ካታሊስቱ ደክሟል። ቮልቴጁ ወርዶ ሃይድሮጅኑ ከወጣ ሜምብሬኑ እየሳሳ ነው። ሃይድሮጅኑ በአንድ ጊዜ ዘሎ ከወጣ ቀዳዳ ነው፤ ያን ቀን ሥራ የለም።

ስድስተኛ፦ ማቆም፣ በተለይ መብራት ሲጠፋ

ከማስነሳት ይልቅ ማቆም ይከብዳል። ከረንቱን ድንገት ስታጠፉ ኦክስጅን መመረቱ ያቆማል፤ በግፊት የታመቀው ሃይድሮጅን ግን ማለፉን አያቆምም። ቅድም የተነጋገርንበት ክፍልፋይ ታችኛው ቁጥር ዜሮ ይሆናል። ማሽኑ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ሳለ ኦክስጅኑ በኩል ያለው ድብልቅ ከደቂቃ ወደ ደቂቃ ይብሳል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ከረንቱ እየሠራ ሳለ የሃይድሮጅኑን ግፊት ቀስ ብላችሁ አውርዱ። በፍጥነት አይሆንም፤ ድንገት የተለቀቀ ግፊት ሜምብሬኑ ላይ እንደ ውሃ ቋጠሮ ያለ እብጠት ያመጣል። ከዚያ ከረንቱን አጥፉ። የኦክስጅኑን በኩል በናይትሮጅን እጠቡ። ውሃውን ጋዙ ተጠርጎ እስኪያልቅ አዙሩ። ሴንሰሩን በመጨረሻ አጥፉ። ስታኩ ከቆመ በኋላም ለጥቂት ጊዜ እንደ ባትሪ ቮልቴጅ ይዞ ስለሚቆይ እጃችሁን አታስገቡ።

መብራት ሲጠፋ ግን ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው የለም፤ ቫልቮቹ ራሳቸው ማድረግ አለባቸው። የሃይድሮጅን ማስወጫውና የናይትሮጅኑ ቫልቭ ኤሌክትሪክ ሲያጡ በስፕሪንግ የሚከፈቱ ይሁኑ፤ ማስወጫው ላይ ፍሰቱን የሚገታ ጠባብ ቀዳዳ ይኑረው። ሴንሰሩንና መቆጣጠሪያውን በትንሽ ዩፒኤስ ላይ አድርጉ። ከሁሉ በላይ መብራት ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዳይነሳ አድርጉት። ሌሊት ሦስት ጊዜ ሄዶ የመጣ መብራት ሦስት ጊዜ ያስነሳዋል፤ እናንተ ደግሞ ተኝታችኋል።

ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 ደቡብ ኮሪያ ጋንግኔንግ ከተማ ውስጥ በሶላር ኃይል ይሠራ ከነበረ ኤሌክትሮላይዘር ጋር የተያያዙ የሃይድሮጅን ታንኮች ፈንድተው ሁለት ሰዎች ሞተዋል፣ ስድስት ቆስለዋል። እዚያ የተሻገረው በተቃራኒው ነው፤ ኦክስጅን ወደ ሃይድሮጅኑ ገብቶ ነበር። ስለዚህ የሃይድሮጅኑ መውጫም የኦክስጅን ሴንሰር ይፈልጋል። ወደ ታንክ የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ ከታንኩ በፊት ኦክስጅኑን የሚያስወግድ ክፍል ግድ ነው። ማንቂያው ሲጮኽ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ “ሙከራው ይለቅ” ማለት ክልክል ነው።

የክፍሉ ነገር አጭር ነው። ሃይድሮጅን ወደ ላይ ይሄዳል፤ ማናፈሻውም ሴንሰሩም ጣሪያው ላይ ይሁን። የሁለቱ ጋዞች ማስወጫ ወደ ደጅ፣ ተራርቀው ይውጡ። የኦክስጅኑ ቱቦ ላይ ዘይትና ግሪስ አይነካ።

ሰባተኛ፦ ማቆየት፣ ማጠብ፣ መጣል

ማሽኑ ለሳምንታት ከቆመ ሜምብሬኑ እንዳይደርቅ በንጹህ ውሃ ሞልታችሁ አቆዩት። ውሃውን በየሁለት ሳምንቱ ቀይሩ፤ ቁሞ የሚቀር ውሃም ከቱቦው ይሰበስባል። ብርድ አገር ያላችሁ ደግሞ እንዳይረጋ ተጠንቀቁ።

ካልሲየም ወይም ሶዲየም ያነቀው ሜምብሬን በግማሽ ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ ሊታጠብ ይችላል። ሴሉ ተፈትቶ፣ ሜምብሬኑ ለብቻው፣ በመነጽርና በጓንት። ከዚያ የማጠቢያው ውሃ ኮንዳክቲቪቲ ወደ መጀመሪያው እስኪመለስ በንጹህ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ነው። ይህ የተያዘውን መቀመጫ ያስለቅቃል። የተበላውን ውፍረት ግን አይመልስም። እኛ ያን ሻይ የመሰለ ሜምብሬን አሲድ ውስጥ ዘፍዝፈን ቀለሙ ሲለቅ አይተን ልንመልሰው ቃጥቶን ነበር። ማይክሮሜትሩ 0.11 ማለቱን ግን አልተወም።

የእኔ ወሰን ይህ ነው፦ በዚያው ሙቀት፣ ግፊትና ጭነት ሃይድሮጅኑ መጀመሪያ ከነበረበት እጥፍ ከሆነ ሜምብሬኑ ይወጣል፤ 2 በመቶ እስኪደርስ አይጠበቅም። የወጣውን አታቃጥሉት፤ ፍሎሪን ያለው ፕላስቲክ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ከቆሻሻ ጋርም አትጣሉት። ላዩ ላይ ያለው ፕላቲነምና ኢሪዲየም ውድ ነው፤ ላስቲክ ውስጥ አሽጋችሁ፣ ቀኑንና የሠራበትን ሰዓት ጽፋችሁበት አስቀምጡት።